መቶ ፍሬ ስንዴ

ዓለሚቱ ዋለ ትምህርት ያቋረጠችው በረቡዕና በሐሙስ መካከል ነው። ረቡዕ ዕለት የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሯ ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ሣሉ። ወደ ጎን አሥር፣ ወደ ታች አሥር አድርገው ሸነሸኑትና፣ «ይህ ሁሉ ሲቆጠር መቶ ነው። ነገ ከዚህ ውስጥ ሃያ አምስቱን እናጠቁርና ስም እናወጣለታለን» አሉ። ወዲያው ደወል ተደወለ። ሐሙስ ማለዳ የጅባራ ሜዳ ሽማግሌዎች ከአባቷ ደጅ ቆመው ነበርና፣ ዓለሚቱ ደብተሯን እንደያዘች ከጓዳ እንዳትወጣ ታዘዘች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በጥር ለይበልጣል ተዳረች።

ጅባራ ሜዳ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ሽቅብ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ደጋ ነው። ገብሱም ስንዴውም ባቄላውም ይሆናል፤ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይገባል። እዚያ ስትገባ ዓለሚቱን ያስለቀሳት ብዙ ነገር ነበር፤ እያደር ሁሉንም ለመደችው። ያልለመደችው ያን አራት ማዕዘን ነው። የጠቆረው ሃያ አምስት ስሙ ማን ተባለ? በሦስተኛው ዓመት ገበያ ላይ የድሮ የክፍል ጓደኛዋን አግኝታ ከሰላምታው አስቀድማ የጠየቀቻት ይህንኑ ነበር። ልጅቱ ግራ ገብቷት፣ «መቶኛ መሰለኝ… ኧረ እኔ ምኑን አስታውሼ!» ብላ ጨውዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ዓለሚቱ ድሮም እግሯ አያርፍም። ቆማ ትበላለች፤ እየተራመደች ትፈትላለች፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ ትነሣለች። ይበልጣል፣ «እቺ ሴት ስትሞት ሬሳዋን የሚይዝላት አልጋ አይገኝም» እያለ ይስቃል። ያልተፈታ ነገር ውስጧ ሲገባማ ጭራሽ ይብስባታል። ዘመኑም አልረዳትም፤ ከየአቅጣጫው ፐርሰንት የሚሉት ቃል ይወረወርባት ጀመር። ሬዲዮው ምርት በዚህን ያህል ፐርሰንት ጨመረ ይላል። ጤና ኬላ ያለችው ልጅ ከሕፃናቱ ሰማንያ ፐርሰንቱ ተከትበዋል ትላለች። የይበልጣል ወንድም ስልኩን እያየ «አሥር ፐርሰንት ብቻ ቀርቶኛል» ብሎ ወሬውን ያቋርጣል። ሰዉ ሁሉ ሰምቶ ያልፋል። እሷ ግን፣ «ከስንቱ? ከምኑ ላይ አሥር?» ብላ ትይዛለች፤ የሚመልስላት የለም።

ከሃያ አራት ዓመት በኋላ የመጨረሻ ልጇ እሌኒ ስድስተኛ ክፍል ደረሰች። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለከረመ መጽሐፉ ቤት ውሎ ማደር ጀመረ፤ ዓለሚቱም አገኘችው። ምዕራፉን ከፈተች። አራት ማዕዘኑ እዚያው ነበር፤ ሃያ አምስቱ ጠቁሮ፣ ከሥሩ «25%» ተጽፎበት።

«ይኸው ነው?» አለች ቆማ።

«ምኑ?» አለች እሌኒ።

«ለዚህ ነው ሃያ አራት ዓመት?»

ይኸው ብቻ ግን አልነበረም። ከአራት ማዕዘኑ ቀጥሎ ጥያቄዎች ነበሩ። ከሃምሳ ተማሪ ሠላሳው ሴት ቢሆን ከመቶ ስንት ይሆናል? ከሁለት መቶ ችግኝ ከመቶ አሥራ አምስቱ ቢደርቅ ስንት ይተርፋል? በአንድ ወር ውስጥ ሁሉንም ጨረሰቻቸው፤ እሌኒን ቀድማት ሄዳ ኋላ ተመልሳ አስረዳቻት። መጽሐፉ ሲያልቅባት ከደጅ ትለቅም ጀመር፦ ዶሮዋ ከታቀፈችው አሥራ ሁለት እንቁላል ዘጠኙ ተፈለፈለ፣ ስለዚህ ሰባ አምስት። ከሃያ በጎቻችን ሦስቱ ነጭ፣ ስለዚህ አሥራ አምስት። ሥራው ከምድጃው ጎን ያለው ግድግዳ ላይ በከሰል ይሠራል።

«ግድግዳውን እኮ የቀለም ትምህርት ቤት አደረግሽው» አለ ይበልጣል።

«ትለስነዋለህ» አለችና ወጣች።

የስንዴው ነገር የመጣው በዚያ ዓመት በሰኔ ነው።

የጅባራ ሜዳ ገበሬዎች ማኅበር አርባ አባወራ አሉት። ከዓመት በፊት የመጣላቸው ምርጥ ዘር መንገድ ተዘግቶ ዘግይቶ ስለደረሰ ሳይዘራ መጋዘን ከርሞ ነበር። የሰኔ ሚካኤል ማግሥት ለየቤቱ ታደለ፤ ለሁለት ጥማድ መሬት ስድስት ቁና። በኛ አገር ስንዴ ለአንድ ጥማድ ሦስት ቁና ነው፤ ይህን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ዓለሚቱ ከረጢቱን ስትፈታ የታመቀ፣ የእርጥብ ጆንያ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ደፋ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ከረጢቱ ጫፍ ላይ የተሰፋችውን ወረቀት አየች። «የመብቀል አቅም 95%» ትላለች።

ሽታው ባይኖርም መፈተሿ አይቀርም ነበር። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፐርሰንት የራሷ ሆኖ ከቤቷ ገባ፤ ዘጠና አምስት ሲባል ምን እንደሚመስል በዓይኗ ልታየው ፈለገች። መቶ ፍሬ ሳትመርጥ ቆጠረች። ካረጀ ነጠላ ቆርጣ አራሰችና ፍሬዎቹን አሥር በአሥር ደረደረች። ጠቅልላ ሳህን ላይ አድርጋ፣ ብርዱ እንዳይገድላቸው ከምድጃው አጠገብ አኖረችው። በየጊዜው እየገለጠች ውሃ ታርከፈክፋለች። እሌኒ «እምዬ፣ ስትገላልጪው ነው የማይበቅለው» ብላ ብትቆጣም አልሰማቻትም።

በስምንተኛው ቀን፣ ሰኔ ማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ ቆጠረች። ሥር ያወጣው ስልሳ አንድ ነው። ደገመች፤ ስልሳ አንድ። የቀረው ወይ ሻግቷል ወይ ውሃ ጠጥቶ እንዳበጠ ቀርቷል። ጨርቁን አጣጥፋ ሳህኑን ይዛ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ አቶ አወቀ ቤት ሄደች።

አቶ አወቀ በዓል ስለነበር እንግዳ ይዘው ነበር። ሳህኑን አዩ፤ እሷን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘሩ ነው። ከመቶ ስልሳ አንድ ነው የበቀለው፣ ጋሼ አወቀ። ወረቀቱ ዘጠና አምስት ይላል።»

«ወረቀቱን የጻፈው አዋቂ ነው።»

«የጻፈው ዓምና ነዋ! ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ከርሟል።»

አቶ አወቀ ፊታቸው ጠቆረ። የመጋዘኑ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነበርና። «ስሚ ዓለሚቱ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ሊዘራ ነው። አንድ ሳህን ይዘሽ ሕዝብ አታውኪ። ምድጃ አጠገብ ያበሰልሽውን ስንዴ አልበቀለም ትያለሽ።»

እንግዶቹ ሳቁ። እሷ ሳህኗን ይዛ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ ቶሎ ቶሎ እየሄደ፣ ልቧ ግን «ምናልባት አብስዬው ይሆን?» ይላት ነበር። ሌላ ሁለት መቶ ቆጠረች፤ አንዱን ጨርቅ ከምድጃው ራቅ አድርጋ፣ አንዱን ከጥጆቹ ማደሪያ አኖረች።

በማግሥቱ የልማት ሠራተኛው ኤፍሬም በሞተር ሲያልፍ ከመንገድ ጠብቃ አስቆመችው። ኤፍሬም የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው፤ ዲግሪ አለው፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ሰምቶ ዝም ብሎ አላለፈም። እሱም ከመጋዘኑ ከአምስት ከረጢት እየዘገነ መቶ መቶ ቆጥሮ በየሳህኑ አደረገ።

«ስምንት ቀን እንጠብቅ፣ እትዬ ዓለሚቱ።»

«ሰው እስከዚያ ቢዘራስ?»

«እናገራቸዋለሁ።»

ተናገረም። ስድስት አባወራ ግን መሬታቸው ተሰልሶ ተዘጋጅቶ ነበርና፣ ዝናቡ ጥሩ ነው ብለው እንደወትሮው ሦስት ሦስት ቁና ዘሩ። ዓለሚቱ ያን ሰሞን የገባችበት ሁሉ ጠበባት። ወፍጮ ቤት ወረፋ ትይዝና ትታው ትወጣለች። ደመናው ሲጠቁር «የዘር ጊዜው ሊያልፍ ነው» ትላለች፤ ሲገልጥ «ዛሬ ይዘራሉ» ትላለች። ጎረቤቷ ምስራቅ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ስንዴው ካንቺ ሆድ ውስጥ ነው እንዴ የሚበቅለው?» አለቻት።

ሐምሌ አንድ ቀን ሳህኖቹ ተቆጠሩ። የዓለሚቱ አንዱ ስልሳ፣ አንዱ ሃምሳ ዘጠኝ። የኤፍሬም አምስት ሳህን ተደምሮ ሲካፈል ስልሳ። ኤፍሬም ቃሉን ጠበቀ፤ ያንኑ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ገበሬውን ሰብስቦ ነገራቸው።

«ከመቶ አርባው አይበቅልም» አለ። «ግን መላ አለው። መጋዘን መጠባበቂያ ዘር አለ። አርባ ፐርሰንት ስለጎደለ አርባ ፐርሰንት እንጨምራለን። ለጥማድ ሦስት ቁና የነበረው አራት ቁናና ትንሽ ይሆናል ማለት ነው። መጠባበቂያው ለሁሉ ይደርሳል፤ ከጋሼ አወቀ ጋር አስልተነዋል።»

ሰዉ ተነፈሰ። አቶ አወቀም ተነፈሱ። አርባ ጎደለ፣ አርባ ተጨመረ፤ ከዚህ የቀለለ ምን አለ? «እድሜ ይስጥህ» ተባለና ተበተኑ። ዓለሚቱም እፎይ ልትል ነበር፤ ሆኖም እንደ ሌላው አልሄደችም። ቁልቁል ስትወርድ ሦስት ጊዜ ቆመች። አንድ ነገር እግሯ ሥር እንደገባ ጠጠር ይቆረቁራታል።

ቤት ገብታ ከሰል አነሣች። መቶ ቁና ነበር እንበል፤ አርባ ተጨመረ፤ መቶ አርባ ሆነ። ጥሩ። ይህ የተጨመረውስ ከዚያው መጋዘን አይደል? እሱም ከመቶ ስልሳው ነው የሚበቅለው። የመቶ አርባ ስልሳ ፐርሰንት… ጽፋ አባዛች፤ አካፈለች። ሰማንያ አራት። መቶ አልሞላም። አጥፍታ እንደገና ሠራችው፤ ሰማንያ አራት።

«አሥራ ስድስቱ የት ገባ?» አለች ጮክ ብላ።

ይበልጣል ከበሬዎቹ ዘንድ ሆኖ ሰማት። «ምኑ?»

«ኤፍሬም ተሳስቷል።»

«ኤፍሬም! ዲግሪ ያለው ልጅ?» ወደ በሩ ብቅ አለ። «አንቺ ስድስተኛን ሳትጨርሺ?»

ያለው እውነት ነበር። ይበልጥ ያስፈራትም እሱ ነው። ሰማንያ አራቱ እውነት ይመስላታል፤ ነገር ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ እሷ ከመጽሐፍ ጫፍ የለቃቀመች። መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይኖር እንደሆነ ብላ ገጹን ሁሉ አገላበጠች፤ የለም። ያ ምሽት እንዴት እንዳለፈ አታውቀውም። ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን ደርባ ወደ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ወጣች።

መሪጌታ በቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ ባሕረ ሐሳቡንም ያውቁታል። ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚውል ደብሩ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ፐርሰንት የሚባለውን ግን ሰምተውት አያውቁም። ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው አተር እየለቀሙ አገኘቻቸውና ጉዳዩን ከነጭንቀቱ ዘረገፈችው።

«ቆይ ልጄ» አሉ፣ «መቶውን ተይው፤ እኔ በመቶ አልቆጥርም። ከአምስት ፍሬ ስንቱ ይበቅላል?»

አሰበች። «ሦስቱ፣ የኔታ።»

መሪጌታ አምስት አተር መሬት ላይ አኖሩ፤ ሁለቱን አነሡ። «እንግዲህ ሦስት ቡቃያ የፈለገ አምስት ይዘራል።» ቀና ብለው አዩዋት። «ለጥማድ ስንት ነው የምትዘሩት?»

«ሦስት ቁና።»

«አምስት ዝሩዋ።»

ዓለሚቱ አተሮቹን እንደገና ቆጠረች። አርባ አይደለም የሚጨመረው። ከሦስት አምስት ለመድረስ ሁለት ነው፤ ሁለት ደግሞ ከሦስት ላይ ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት ፐርሰንት ነው። የጎደለው ከመቶው ላይ አርባ ነበር፤ የሚጨመረው ግን ከሚበቅለው ከስልሳው ጋር መመዘን አለበት። ጉልበታቸውን ስማ ዞረች።

«ትንሽ አትቀመጪም?» ሲሏት አጥሩን አልፋ ነበር።

ኤፍሬም በየማለዳው ወደ ታችኛው ቀበሌ ሲወርድ በድልድዩ ነው የሚያልፈው። አቋርጣ ወርዳ ሞተሩ ድምፅ ሲያሰማ መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ልጁ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

«እትዬ! ምን ሆኑ? ሰው ታመመ?»

«ስልክህን አውጣ።»

«ምን?»

«አውጣው እስቲ። መቶ አርባን በስልሳ አባዛና ለመቶ አካፍለው።»

ኤፍሬም እየሳቀ ስልኩን አወጣ። ነካካው። ሳቁ ቆመ። እንደገና ነካካው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከድልድዩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ሰማንያ አራት» አለ ቀስ ብሎ።

«አሥራ ስድስቱስ?»

«መቶን ለስልሳ ማካፈል ነበረብኝ…» ግንባሩን ያዘ። «ይህንን እኮ የተማርኩት ነው፣ እትዬ። ሰው በተሰበሰበበት በአፌ መጣልኝና አልኩት። ሁሉም ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ።»

ልትቆጣው ያዘጋጀችው ቃል ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። «ተነሥ» አለችው፣ «ዛሬ ይበትኑታል።»

ያንኑ ዕለት ሰው ዳግመኛ ተሰበሰበ፤ ግማሹ ግን ሰልችቶት ቀረ። ኤፍሬም ተሳስቼ ነበር ብሎ በግልጽ ተናገረ፤ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ማስረዳት ሲጀምር ግን «ሲካፈል፣ ሲባዛ» እያለ ሰዉ ጠፋበት። ዓለሚቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። እጇን ዘረጋች።

«እጃችሁን ዘርጉ። አምስት ጣት አምስት ፍሬ ነው። ሁለቱ አይበቅልም፤ እጠፏቸው። ሦስት ቀረ። ሦስት ቁና እንዲበቅልልህ ከፈለግህ አምስት ቁና ዝራ። ይኸው ነው።»

ጥቂት ሰዎች ጣታቸውን አጠፉ። አቶ አወቀ ግን አልዘረጉም። «ስንዴ ጣት አይደለም» አሉ። «ደግሞስ አምስት ቁና ከየት ይመጣል? መጠባበቂያው ለአራት ቁና ብቻ ነው የሚበቃው። ሁለት ጥማድ ያለው ሰው ከመሬቱ ቆርሶ ባዶ ይተው ልትይን ነው?»

«ባዶ አይተው፤ ባቄላ ይዝራበት።»

«ስንዴ ስንዴ እየተባለ ለመንግሥት ሪፖርት ሄዷል!»

«ሪፖርቱ አይበላም፣ ጋሼ አወቀ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ነገር ግን መሳቅና መስማማት አንድ አይደለም። ገበሬ የታረሰ መሬት ከስንዴ መነጠል ይከብደዋል። ከአርባው አባወራ አሥራ አራቱ አምስት አምስት ቁና ሊዘሩ ተስማሙ። ሃያው የመጀመሪያውን ምክር ያዙ። ስድስቱ ቀድሞ ዘርተዋል። ዓለሚቱ ወደ ቤት ስትሄድ አሥራ አራት ከአርባ ሠላሳ አምስት ፐርሰንት መሆኑን አስልታ ነበር፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን አላወቀችም።

ትልቁ ትግል በገዛ ቤቷ ጠበቃት። ይበልጣል የታችኛውን ጥማድ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ እዚያ ላይ ድርድር የለም።

«እሱን ቆርሼ ባቄላ አላለብሰውም። አራት ቁናና ትንሽ፤ በቃ።»

«ላይኛውንስ?»

በሬውን ማሻሸት ጀመረ። «ላይኛውን እንደፈለግሽ።»

እንዲያው ሆነ። ከላይኛው ጥማድ ጫፍ አንድ ስድስተኛው ስንዴ አልበቃውም፤ ዓለሚቱ ባቄላ ዘራችበት። አንዱ መሬት በባል ሒሳብ፣ አንዱ በሚስት ሒሳብ ተዘራ። ከጴጥሮስ ወጳውሎስ በኋላ ቡቃያው መሬቱን ሲወጋ ዓለሚቱ በቀን ሁለት ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ ትመላለስ ነበር። በነሐሴ ልዩነቱ ከሩቅ ታየ። ላይኛው ጥቅጥቅ ያለ ምንጣፍ፤ ታችኛው ሳሳ ብሎ በመሐሉ አፈሩ ይታያል። የስድስቱ ሰዎች ማሳማ እንደ አሮጌ ወንፊት ነበር። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት ራሱን ዝቅ ያደርግ ጀመር። አቶ አወቀ መንገድ ቀየሩ።

እሷ ግን ገና አላረፈችም። ሰማንያ አራት ብላለች፤ እስኪታጨድ ድረስ ቃሏ በሰው እጅ ነው። መስከረም ሲገባ ደግሞ ያላሰበችው ነገር መጣ። የታችኛው ስንዴ ሰፊ ቦታ ስላገኘ ከአንዱ ሥር ሦስትና አራት ዘንግ እያወጣ ክፍተቱን ይሞላ ጀመር። ሁለት ጊዜ ማረም ግድ ሆነ፤ አረሙም ክፍተቱን ወዶታልና። ቢሆንም እየለመለመ ሄደ። ይበልጣልም እያፏጨ ነበር የሚያልፈው።

በኅዳር ሲታጨድ ዓለሚቱ ከየማሳው መሐል በርምጃ ሃያ በሃያ ለካች፤ ያን ለብቻ አሳጭዳ ለብቻ አስወቃች። እነ ምስራቅ አውድማው ዙሪያ ቆመው በጣሳ ሲሰፈር ይቆጥራሉ። ከላይኛው ስልሳ ጣሳ ወጣ። ከታችኛው ሃምሳ ስድስት።

ይበልጣል አውድማው ላይ ተንከባለለ፤ ሳቁ ነው ያንከባለለው። «አሥራ ስድስቱ የት ገባ?» አለ በእሷ ድምፅ።

የጎደለው አራት ጣሳ ነው፤ ከስልሳ አራት ደግሞ ሰባት ፐርሰንት አይሞላም። ዓለሚቱ ፊቷ ጋለ። ያን ሁሉ ሩጫ፣ ያን ሁሉ ክርክር፣ ለሰባት ያልሞላ! ከሦስት ቁናው ማሳ ግን፣ ምስራቅ እየሮጠች ሄዳ ከአንዱ ባለ ማሳ ለምና ያስለካችው፣ አርባ ሦስት ጣሳ ብቻ ነበር የወጣው። ያን ሲሰማ ይበልጣል ሳቁን ተወ።

ኤፍሬም ሲመጣ ጣሳዎቹን በቁጥር ነገረችው። እሱ አልሳቀም፤ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈ። «ሒሳብዎ ትክክል ነበር፣ እትዬ። የሚበቅለው በእርግጥ ሰማንያ አራት ነበር። የቀረውን ስንዴው ራሱ ካሰ። ያ ግን በየዓመቱ አይገኝም፤ ዝናቡ ቀድሞ ቢያቆም ኖሮ አያወጣውም ነበር። ሁለት ጊዜ ማረምዎንስ ማን ይቁጠረው?»

«እንግዲህ የዘራሁት እውነት፣ ያጨድኩት ሌላ እውነት ሆነ ማለት ነው» አለች።

«ምን ያናድድዎታል? በለጡ እኮ።»

«አልተናደድኩም። አላወቅሁትም ነበር። መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልተጻፈም።» እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ገለባው ክምር አየች። «ስንዴው ስንት ዘንግ እንደሚያወጣ የሚታወቅበት መላ የለውም?»

ኤፍሬም አስቦ፣ «እኔንጃ» አለ። «እጠይቅልዎታለሁ።»

ጥር ላይ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ አደረገ። አቶ አወቀ ተነሥተው የመጋዘኑ ጣሪያ ሃያ ሁለት ቆርቆሮ እንደሚያስፈልገው ሪፖርት አሰሙ፤ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ፣ ሰው እንዳልጠበቀው፣ «ለዘር ፈታሽነት ዓለሚቱን እጠቁማለሁ» አሉ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር፤ ወደ እሷም አላዩም። እጅ ሲቆጠር አባሉ ሁሉ አወጣ። ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ተገናኙ።

«ስለዚያ ሳህን…» ብለው ጀመሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች እሷ አግዛቸው፤ እሳቸውም በትራቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አድርገው ሄዱ።

በቀጣዩ ግንቦት የመጋዘኑ ወለል ላይ አሥራ አንድ ሳህን ተደርድሮ ነበር። አንዱ ዘጠና ሦስት፣ አንዱ ሰማንያ ስምንት፣ አንዱ ሰባ አንድ። ዓለሚቱ በየከረጢቱ ላይ ያገኘችውን ቁጥር በወፍራም እስክሪብቶ ትጽፋለች። ስሟንም ከሥሩ ትጽፋለች፤ ቢሳሳት የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት ብላ ነው። የሰባ አንዱ ከረጢት የደረሰው ገበሬ መንገድ ላይ አግኝቷት፣ «ታዲያ ስንት ልዝራ?» አላት። ሦስት ለሰባ አንድ፣ ሲባዛ በመቶ… «አራት ቁና፤ ከዚያ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው» አለችው ሳትቆም። ሰውዬው የምትለውን እየደገመ ሲቀር፣ እሷ ወደ ታችኛው ቀበሌ ቁልቁለቱን ጀምራ ነበር። እዚያም ዘር መጥቷል፤ የሚፈትሸው ሰው ግን እስካሁን የለም ብለው ልከውባታል።